ለሁለት ሰው ይጻፉልን

ያኔ ዳንግላ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ሰርግ አነሳለሁ፣ የመታወቂያ ጉርድ አነሳለሁ፣ ከጎን ደግሞ በኮምፒውተር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የተቀደደ የትምህርት ማስረጃ መጥቶልኝ ስካን አድርጌ እንደ አዲስ አትሜ ሰጥቼ አውቃለሁ። ዋናው ሙያዬ ግን ፊት ማጥራት ነበር። ሙሽራዋ ብጉር ካለባት አጠፋላታለሁ፣ ማድያት ካለባት አነጣላታለሁ፣ የሚዜው ግንባር ካብረቀረቀ አደበዝዘዋለሁ። ሰው ከእኔ ቤት የሚወጣው ከራሱ ትንሽ አምሮ ነው። እኔም ብሆን ሸሚዜ ሳይተኮስ ከደጅ የማልወጣ፣ በመንገድ ሳልፍ በየመስታወቱ ራሴን የማይ፣ ጉራ ቢጤ የነበረብኝ ሰው ነበርኩ። ይህን የማወራላችሁ ቀጥሎ የደረሰብኝ ነገር የቱ ጋ እንዳገኘኝ እንድትረዱልኝ ነው።

እናትነሽን ያወቅኋት ለጉርድ ፎቶ መጥታ ነው። የአዘና ከተማ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ቤት ተከራይታ ኮሌጅ ትማር ነበር። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አጎቷ አያ ቢሻው ናቸው። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። እንደ ልማዴ አጥፍቼ ፎቶውን ስሰጣት አየችው አየችውና፣ "ጠባሳዬን መልስልኝ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። መለስኩላት፤ ከዚያም ልቤን ሰጠኋት ብል ይቀላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣ ጀመር። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለችው መኝታ ክፍሌ ቀስ በቀስ የሁለታችን ሆነች። ለሰው የምናወራው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቼ ለአያ ቢሻው የተናገሩት "ልጃችን ልጅቷን በሩቅ አይቶ ጨዋነቷን ወዶ ነው" ብለው ነበር። ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም ሲነግሩኝ አንገቴን ደፍቼ፣ እውነት በሩቅ እንዳያት ሰው ሆኜ ሰማሁ።

የእነሱ ወገን "ዘመድ እንጠይቅ" ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ይህም ያለ ነው፤ ዘር ይቆጠራል፣ በዘሩ ውስጥ ሥጋ ደዌ የነካው ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በእኔ ላይ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው የሞተችው አክስቴ ናት፤ በአንድ እጇ ጣት አልነበራትም። ሕፃን ሳለች ምድጃ ውስጥ ወድቃ ነው፤ ነገር ግን ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ሁሉ አልቋል። ሁለተኛው የራሴ እጅ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጣቶቼ መሐል፣ በእጄ አንጓ ዙሪያ፣ በወገቤና ከወገቤም በታች ትንንሽ ጉብ ጉብ ያለ ሽፍታ ወጥቶብኝ ነበር። ሲመሽ ማሳከኩ አይጣል ነው። መጀመሪያ የፕሪንተሩ ቀለም ነው አልኩ። ከፋርማሲ ራሴው መርጬ ቅባት ገዛሁ፤ ጸበልም ተጠመቅሁ፤ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት። አንዳንዱ ጉብታ ጠንክሮ የሽንብራ ፍሬ አክሎ ቀረ። እናትነሽንም ያሳክካት ነበር። "ያንተን ቁንጫ ተሸክሜ እንጅባራ ላደርስልህ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። እንጅባራ ብርዱ የታወቀ ነው፤ እጅጌው ጣት ድረስ የሚደርስ ሹራብ ብትለብስ ማንም ለምን አይላትም። ዳንግላ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን እጁን የት ይደብቃል?

አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብሎ ገባ። አገጩን ቀና ላደርግለት እጄን ስዘረጋ ራሱን ወደ ኋላ ሸሸ አደረገ። ፎቶውንም ሊወስድ አልተመለሰም። ኋላ እንደሰማሁት የአያ ቢሻው አማች ነበር፤ የመጣውም እኔን ሊያይ ነው።

መልሱ በሽማግሌዎቼ በኩል መጣ። የልጁ እጅ ደዌ የነካው ይመስላል ተብሏልና ይህ ሳይጠራ ነገሩ ወደፊት አይሄድም ተባለ። የእኔ ሰዎች የሐኪም ወረቀት እናመጣለን ቢሉ፣ አያ ቢሻው "ወረቀት የሚያትመው እሱ ራሱ አይደለም እንዴ?" አሉ አሉ። "ሲታይ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።" ምን ይመለስላቸዋል? እውነታቸውን ነው።

እንጅባራ ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ፣ አልፎ አልፎ ከባሕር ዳር እየመጣች የምታክም የቆዳ ሐኪም ነበረች። በመጣችበት ቀን ተቀጣጠርን። ጠዋት ጥቁር ሱሪዬን ከነጭ ሸሚዝ ጋር ለብሼ፣ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ከዳንግላ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ደዌ ነው ካለች እናትነሽን አጣሁ፤ አይደለም ካለች እናትነሽ የኔ ናት። ሌላ የሚመጣ ነገር አለ ብዬ አልጠረጠርኩም።

አያ ቢሻው ቀድመውኝ ደርሰው በክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። ረጅም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ ነው። ሰላም ልላቸው ስል እጄን መዘርጋቴን ትቼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ሁለታችንም ለምን እንዳልተጨባበጥን እናውቃለን። ከዚያ ተራችን እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ አወራን፤ ስለ መጣንበት ጉዳይ ግን አንድም ቃል አላነሳን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አያ ቢሻው ማን እንደሆኑ ስትጠይቅ እሳቸው ራሳቸው መለሱላት፤ ዘመድ ልንሆን አስበን ነው፣ እኔም ልይ ብዬ ነው የመጣሁት አሏት። ወደ እኔ ዞር ብላ "ትፈቅዳለህ?" አለችኝ። አልፈቅድም ብል ምን ሊባል ነው? ፈቀድኩ።

ልብሴን አውልቄ በውስጥ ሱሪ ብቻ ቆምኩ። ስንቱን ሰው አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ እያልኩ ሳቆም የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ለራሴ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የተተኮሰው ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ሆዴ ላይ የቧጨርኩት ሁሉ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ሐኪሟ ከወገብ በታች ማየት አለብኝ ስትል አያ ቢሻው ሳይነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህን አክብሮታቸውን እስካሁን አልረሳውም፤ በኋላ ካደረግሁት ጋር ሳስተያየው ደግሞ ፊቴን ያቃጥለኛል።

መጀመሪያ ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ጫፍ እየነካካች "አሁንስ? እዚህስ?" አለችኝ። ሁሉንም አወቅሁ። ጆሮዬን ዳበሰች፣ በክርኔ አጥንት ጀርባ ያለውን ጅማት ዳበሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ክብ ነገር አወጣች። ከጠርሙስ ክዳን ብዙም የማትበልጥ፣ ዙሪያዋን መብራት ያላት ማጉያ መነጽር ናት። ደርሞስኮፕ እንደምትባል ነገረችን። በስልኳ ካሜራ ላይ አጠለቀቻትና በጣቶቼ መሐል ካለው ሽፍታ ላይ አስጠጋቻት።

"ይህ ዓይነት ጉብ ጉብ ያለ ሽፍታ በባዶ ዓይን ሲታይ ብዙው ይመሳሰላል" አለችን። "ደዌም፣ ቁንጭርም፣ አለርጂም፣ እከክም ሊመስል ይችላል። በዚህ ሲታይ ግን መልኩ ይለያያል።" ቀስ እያለች ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሄደች። ብዙ ቆየች።  ከዚያ ቆም አለችና ፎቶ አነሳች።

ስልኩን ለሁለታችን አዞረችልን። ቆዳዬ ሰፊ ሜዳ ሆኗል። በመሐሉ ቀጭን፣ ጠመም ያለ ነጣ ያለ መስመር ይታያል፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ቡናማ፣ ሦስት ማዕዘን የመሰለች ነጥብ አለች። ስንቱን ፎቶ በጣቴ አጉልቼ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያቺን ነጥብ ግን ምን እንደሆነች አላወቅኋትም።

"ይቺ ነጥብ የተባይዋ ራስ ናት። መስመሩ የቆፈረችው መንገድ ነው" አለች ሐኪሟ።

አያ ቢሻው ጎንበስ ብለው አዩ። "ይኼማ ትልም ነው" አሉ። ሐኪሟ ሳቀች፤ ትክክል ነው፣ እያረሰች ነው የምትሄደው አለቻቸው። ከዚያ ቁርጡን ነገረችን። ደዌ አይደለም። ደዌ ቢሆን በመነጽሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ የጥጡም ንክኪ ባልተሰማኝ ነበር። ያለብኝ እከክ ነው። የገዛሁት ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው እያስታገሰ ተባይዋን እንድትራባ ረድቷታል።

እከክ። የደስታዬን ያህል አፈርኩ። ያ ሁሉ ሽቶ፣ ያ ሁሉ የተተኮሰ ሸሚዝ ከእከክ ጋር! አያ ቢሻው ግን እፎይ ብለው ነበር። የራሳቸውን እጅ ዘርግተው እስኪ የኔንም እዩልኝ አሏት፤ አየችላቸው፤ ንጹሕ ናቸው። ለአፍታ ሦስታችንም ሳቅን። ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ልትጽፍ ተቀመጠችና እንዲሁ እንደ ዋዛ፣ ከማን ጋር እንደምኖር፣ አብሮኝ የሚተኛ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔ ሱሪዬን እየታጠቅሁ ነበር። "ብቻዬን ነው የምኖረው" አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህ ተባይ ሰላምታ በመለዋወጥ ብቻ በቀላሉ እንደማይተላለፍ፣ ረዘም ያለ መነካካት እንደሚፈልግ አስረዳችን። በጣት መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ እንደሚወጣ፣ በተለይ ሲመሽ እንደሚያሳክክ፣ አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የቀረውም ሰው ቁስሉ መግል ይዞ ሊሠቃይ እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ስም አልጠይቅህም። ሰው አለ ወይ ነው የምልህ።"

አያ ቢሻውን አላየኋቸውም። ዱላቸውን ብቻ አየሁ። በሩቅ አይቶ ነው የተባለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሮጠ። እናትነሽ ያን ሰሞን ኮሌጁ ተዘግቶ አዘና፣ እሳቸው ቤት ነበረች። አሁን ሰው አለ ብል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ። ሐኪሟ ትጠብቃለች።

"የለም" አልኩ። "ማንም የለም።"

ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች። እኔ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ። አንዱን ቁልፍ በተሳሳተ ቀዳዳ አስገባሁት። ያኔ ነው አያ ቢሻው ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

"ዶክተር፣ ለሁለት ሰው ይጻፉልን" አሏት።

ሐኪሟ ቀና አለች። "ለእርስዎ እንኳ አያስፈልግም፣ አየሁልዎት እኮ።"

"ለእኔ አይደለም። ለልጄ ነው።"

 ሐኪሟ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች፤ ገባት። ዕድሜዋን ጠየቀቻቸው፤ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗንም ጠየቀቻቸው። ይህን ጥያቄ እኔ ፊት መመለስ ለእሳቸው ምን እንደነበር አሁን የሴት ልጅ አባት ሆኜ ነው የገባኝ። "አይመስለኝም" አሉና አንገታቸውን ደፉ። የኔን ውርደት እሳቸው ተሸከሙት።

መድኃኒቱን ወስደን ወደ መናኸሪያው በእግር ሄድን። ካፊያ ነበር። ባጃጅ እየመጣ ጥሩንባ ይነፋብናል፤ አያ ቢሻው በእጃቸው እየመለሱት ይሄዳሉ። መናኸሪያው ጥግ ቆርቆሮ ሥር ስንቆም ስልካቸውን አወጡና በአዊኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም። የኔን ስም ብቻ ለየሁ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

ሲጨርሱ መድኃኒቱን አንተ እንደላክህላት ነግሬያታለሁ አሉኝ። ባለፈው እናትነሽ እጃቸውን ስታስታጥባቸው በጣቶቿ መሐል ያንኑ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አይተው ኖሯል። የሳሙና ነው ብላቸው አምነዋት ነበር። ሐኪሟ ስልኳን አዙራ ትልሙን ስታሳያቸው፣ የት የት እንደሚወጣም ስትናገር ነገሩ ተገለጠላቸው።

"አያ ቢሻው፣ ለእሷ ክብር ብዬ ነው" አልኳቸው።

"እኔም መጀመሪያ እንዲያ አስቤልህ ነበር" አሉ። "ሴትየዋ ስም አልጠይቅህም ስትልህስ? ልጅቷ ስትታከክ ትኑር ነው ያልከው።"

 የአዘናው መኪና ገብቶ ረዳቱ መጣራት ጀመረ። አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ከመሄዳቸው በፊት ቆም አሉ።

"ብታምን ኖሮ እጣላህ ነበር፤ በዚህ ዱላ እስከ መማታት እደርስ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን እሰጥህ ነበር።" ቀጥለውም፣ "ደዌ እንደሌለብህ ለሰዎቹ እነግራለሁ፤ ያንን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ከእሷ ጋር ተነጋገር" ብለውኝ ተሳፈሩ።

ዳንግላ ገብቼ አንሶላውንና ልብሱን ሁሉ ቀቀልኩ፣ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ከአንገቴ በታች ቅባቱን ተቀባሁ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናትነሽ ደወለች። ድምፅዋ ደስተኛ ነው። ተቀብቻለሁ አለች፤ ቆዳዬን ለበለበኝ ግን ደስ ብሎኛል አለች። አጎቴ ይገድለኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"አፍረህ ትክደኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ። አጎቴ ፊት እንዴት ደፍረህ ተናገርክ?"

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አያ ቢሻው መንገዱን ጠርገው ሰጥተውኛል። አዎ ብል ሰርጉ ይደገሳል። ግን የአጎቷ አንገት መድፋት ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ አልቻልኩም።

"አልተናገርኩም" አልኳት። "ማንም የለም ነው ያልኩት። መድኃኒቱን ያጻፉልሽ እሳቸው ናቸው።"

 ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"ሐኪሟ ስንት ጊዜ ጠየቀችህ?" አለችኝ።

"ሁለት ጊዜ።"

"አንዴ ቢሆን ደንግጦ ነው እል ነበር።"

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ፣ ስንት ሰው እንደላክሁ አላወራም። አንድም ቀን ስድብ አልመለሰችልኝም፤ መልስ ራሱ አልመለሰችልኝም። ትምህርቷን ጨርሳ ግምጃ ቤት በሚባለው ከተማ አስተማሪ ሆና ተመደበች፤ እዚያው ትዳር መያዟን ሰማሁ። አያ ቢሻው ቃላቸውን ጠበቁ። በሄዱበት ለቅሶና ሰርግ ሁሉ "ልጁ ደዌ የለበትም፣ በዓይኔ አይቻለሁ" እያሉ ስሜን አጸዱልኝ። በእሳቸው ምስክርነት የተነሳ ልጃችንን እንስጥህ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እንደኔ የሚያሳክካችሁ ካለ ቅባት በራሳችሁ አትግዙ፤ ታዩ። ሐኪም ከማን ጋር ነህ ብሎ ሲጠይቃችሁ ጉድ ሊያወጣባችሁ አይደለም፤ እቤት የቀረውን ሰው ሊያክምላችሁ ነው። ለብዙ ጊዜ ለክብሯ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አባብዬዋለሁ። ለክብሯ ቢሆን ኖሮ ከክሊኒኩ ወጥቼ በስልክ ታከሚ እላት ነበር፤ እሱንም አላልኩም። ለራሴ ነው የፈራሁት። ሐኪሟ በመነጽሯ ደጋግማ አይታኝ በሽታዬን አገኘችው፤ ይህን ፍርሃቴን ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዱላቸውን ብቻ ማየቴን ኋላ ሳስታውስ።

አሁን ሚስትና ሴት ልጅ አሉኝ። ሐኪም ቤት ሄደን ከማን ጋር ነው የምትኖረው የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ጠያቂው ሳይጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ የሚስቴን ስም ከነአባቷ እጠራለሁ። ሰው ዞሮ ያየናል። ሚስቴ በአፏ ላይ ነጠላዋን እየያዘች ትስቅና፣ ምን ያስጮህሃል፣ የካደኝ ሰው አለ እንዴ ትለኛለች።